ከባሕር ዳር ሆኖ የኦንላይን ዲግሪ መማር፦ የአንዲት የሆቴል ሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ

ይህ የጉዳይ ጥናት ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የምትኖር፣ ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል በሒሳብ ሠራተኝነት የምትተዳደር ተማሪን ይመለከታል። መስከረም 2015 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ የኦንላይን ዩኒቨርሲቲ በቢዝነስ አስተዳደር የመጀመሪያ ዲግሪ ጀመረች። ለዲግሪው 40 ኮርስ፣ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ እስከ ሰኔ 2017 ድረስ 19ኙን ጨርሳለች። የእሷም የዩኒቨርሲቲውም ስም አይጠቀስም።

በነዚህ ዓመታት ያጣችው ነጥብ ከየት ከየት እንደጠፋ ኮርስ በኮርስ ተለቅሟል። ትምህርቱ ከብዷት ያጣችው ጥቂት ነው፤ የከበዳት ስታቲስቲክስ ነበር፣ እሱንም በ«ቢ» ወጥታዋለች። የቀረው የጠፋው በሰዓት ልዩነት፣ በመስመር መቋረጥ፣ ባልተከፈተ ፋይልና በጊዜው ባልተጠየቀ ፈቃድ ነው። ሰው ስለ ኦንላይን ትምህርት ሲያነሳ «ይከብዳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከባሕር ዳር ለሚማር ሰው መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሳምንቱ ሥራ መስመር የግድ የሚለው የትኛው ነው? ያለ መስመር የሚሠራውስ? ይህችን ተማሪ ያዳናት ይህን መለየቷ ነው። ከዚያ በፊት ጎበዝ እያለች ወድቃለች።

ምርጫውና ምዝገባው

ተማሪዋ በሒሳብ አያያዝ ደረጃ አራት አላት። ዲግሪ ለመያዝ ቅርቧ የነበረው የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ነው። ሆቴል የሚሠራ ሰው ግን ቅዳሜና እሑድ የለውም፤ ሠርግ፣ ስብሰባና ጥምቀት ሲመጣ ሒሳብ ክፍሉም አብሮ ያመሻል። ስለዚህ ክፍል መግባት የማያስገድድ ትምህርት መምረጧ ትክክል ነበር።

ከመመዝገቧ በፊት በደንብ የሠራችው አንድ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲውን ዕውቅና ከራሱ ማስታወቂያ አልወሰደችም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ያላቸውን ተቋማት የሚዘረዝር የመረጃ ቋት በድረ ገጹ ላይ አለው፤ ቺያ ተብሎ የሚጠራው የከፍተኛ ትምህርት ዕውቅና ምክር ቤትም ተመሳሳይ ዝርዝር ያወጣል። የተቋሙን ስም ብቻ ሳይሆን ዕውቅና የሰጠውን ድርጅት ስምም እዚያ መፈለግ ያስፈልጋል። ዲግሪ የሚሸጡ ሐሰተኛ ተቋማት «ዕውቅና ሰጪ» የሚመስል ድርጅት ራሳቸው ስለሚያቋቁሙ «አክሬዲትድ ነን» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ማመልከቻው ላይ ግን ሁለት ነገር ተበላሸ። ቅጹ የሚጠይቀው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ስለነበር የራሷንና የአባቷን ስም ሞላች፤ የአያቷ ስም ቀረ። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ ሦስቱም ስሞች አሉ፤ በዚያ ላይ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ሰርተፊኬቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቷ ላይ በሌላ ዓይነት ነው። ሁለተኛው የልደት ዘመን ነው። ጥር 1986 መወለዷን እንዳለ «1986» ብላ ጻፈች፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆን የነበረበት 1994 ነው። ማመልከቻው አለፈ፣ ተማረች፤ ችግሩ የታየው በሁለተኛው ዓመት በካሜራ የሚጠበቅ ፈተና ስትይዝ ነው። የመታወቂያው ልደትና የመዝገቡ ልደት ስምንት ዓመት ተራርቆ ስለተገኘ የፈተና ቀጠሮዋ ተሰረዘ። ለሪጅስትራሩ የፓስፖርት ቅጂ ልካ ሁለቱንም አስተካከለች። ዲግሪው ከታተመ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህ ማስተካከያ ክፍያም ወራትም ይወስድ ነበር። ለአዲስ ተመዝጋቢ የምንለው አንድ ነው፦ በፓስፖርት ላይ ያለውን ስም ፊደል ሳይለውጡ፣ የአያትን ስም ጨምሮ መሙላት፤ ፓስፖርት ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ ማውጣት።

ረቡዕ ማታ ማለት መቼ ነው

ዩኒቨርሲቲው በዓመት አምስት ተርም አለው፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሳምንት ነው። ሳምንቱ ሐሙስ ይከፈትና ረቡዕ ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይዘጋል፤ ሰዓቱ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲመለስ በክረምታቸው ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ይሆናል። ተማሪዋ ይህን በትክክል አስልታ ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሥራዋን ጨርሳ እያስገባች ወደ ሆቴሉ መሄድ ልማድ አደረገችው። ሌሊቱ ጸጥ ያለ፣ መስመሩም ፈጣን ስለሆነ ለወራት ሠራላት።

አሜሪካኖች ግን በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመልሱታል። በ2015 ዓ.ም. ይህ የዋለው መጋቢት 3 ቀን ነው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ መጋቢት 7፣ የሁለት ኮርስ አሳይመንት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20 ልታስገባ ስትል በሩ ተዘግቶ አገኘችው። ከማርች እስከ ኖቬምበር መዝጊያው ንጋት 12 ሰዓት ከ59 ነው። ዩኒቨርሲቲው የዘገየ ሥራ አይቀበልም፤ ሁለቱም ዜሮ ሆኑ።

የትምህርቱ መድረክ ሙድል ነው። ሙድል ላይ በግል መገለጫ ውስጥ የሰዓት ቀጠና ሲቀየርና «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ሲመረጥ የመዝጊያ ሰዓቶቹ በራሳቸው ወደ እኛ ሰዓት ይመለሳሉ፤ የአሜሪካኖቹ ለውጥም አብሮ ይታሰባል። ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ተማሪ ግን አይነካውም። ጥንቃቄ የሚሻው መምህሩ በመልእክት የሚጽፈው ሰዓት ነው፤ እሱ በእነሱ ሰዓት እንደተጻፈ ይቀራል። ደግሞም ማያ ገጹ «6:59» ሲል ስድስት ሰዓት ብሎ የሚያነብ አለ፤ ያ ሰው መዝጊያው ካለፈ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው የሚደርሰው።

ሐምሌና ነሐሴ 2015

በዚያ ዓመት አምስተኛ ተርም ሁለት ኮርስ ይዛለች። እስከዚያ ሰባት ኮርስ ጨርሳ አማካይ ነጥቧ 3.2 ነበር። ሰባተኛው ሳምንት የተከፈተው ሐምሌ 27 ቀን ሐሙስ ነው። በማግሥቱ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነዚያ ቀናት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሆቴሉ መደበኛ መስመር ቢኖረውም ከተማው ውስጥ ተኩስ በነበረባቸው ቀናት ዝግ ነበር፤ ከዚያም የሰዓት እላፊ መጣ። ተርሙ ነሐሴ 17 ሲዘጋ ተማሪዋ ገና መስመር አላገኘችም። ኢሜይሏን የከፈተችው ነሐሴ 19 ነው።

ያጣችው ምን ያህል እንደሆነ በአንዱ ኮርስ እንየው። ከመቶ 15ቱ የውይይት ተሳትፎ፣ 30ው የጽሑፍ አሳይመንት፣ 15ቱ የመማሪያ ማስታወሻ፣ 10ሩ ኩዊዝ፣ 30ው ፋይናል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ በድምሩ 60 ነጥብ፣ በስምንት ሳምንት የተከፋፈሉ ስለሆኑ አንድ ሳምንት 7.5 ነጥብ ይይዛል። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ሊገኝ ከሚችለው 45 ነጥብ 39 አግኝታለች፤ ከኩዊዝ 6። በአጠቃላይ 45። ማለፊያው 60 ነው። ሁለት ሳምንትና ፋይናሉ ሲጎድሉ ጎበዝም ሰነፍም እኩል ይወድቃል። በሁለቱም ኮርስ «ኤፍ» መጣ፤ አማካይ ነጥቧ ከ3.2 ወደ 2.49 ወረደ።

ደንቡ መውጫ ነበረው። «ያልተጠናቀቀ» የሚባለውን ውጤት በመጠየቅ ፋይናሉን በሚቀጥለው ተርም መውሰድ ይቻላል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን ተርሙ ሳይዘጋ፣ ከተማሪው የተመዘገበ ኢሜይል ነው። ስልክ ሲገኝ ለአዲስ አበባዋ እህቷ ደውላላት እህቷ ጽፋ ነበር፤ መልሱ «ስለ ተማሪ ጉዳይ ከሌላ ሰው ጋር አንነጋገርም» የሚል ሆነ። ይህ ክፋት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተማሪን መዝገብ ምስጢር የሚጠብቅ በ1974 የወጣ ሕግ አለ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ተማሪው የጽሑፍ ፈቃድ በአብዛኛው ለእናትም ለአባትም ቢሆን መረጃ አይሰጡም። ፈቃዱን በቅድሚያ ማስመዝገብ ግን ይቻላል፤ አንድ ገጽ ቅጽ ነው። እሷ አሁን እህቷን አስመዝግባለች። የይለፍ ቃልን ለዘመድ መስጠት እንደ መፍትሔ ሲነገር እንሰማለን፤ እሱ በዲሲፕሊን የሚያስከስስ ነው፣ በሌላ ሰው ስም ፈተና ከመቀመጥ ለይተው አያዩትም።

ኋላ በሁለቱ «ኤፍ» ላይ ያቀረበችው ይግባኝ እንዴት ተሳካ? «ኢንተርኔት አልነበረም» ብቻ ብትል ሰሚ አታገኝም ነበር፤ ይህን ምክንያት በየቀኑ ይሰሙታል። ሦስት ነገር አያያዘች። አንደኛ፣ ሆቴሉ ዝግ የነበረባቸውን ቀናት አንድ በአንድ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት የአሠሪ ደብዳቤ፣ ከእንግሊዝኛ ቅጂው ጋር። ሁለተኛ፣ ኔትብሎክስ የተባለው የኢንተርኔት መቋረጥን የሚከታተል ድርጅት ስለ አማራ ክልል ያወጣው መረጃ፤ ይህ ከተማሪዋ አፍ ያልወጣ፣ ማንም ከፍቶ የሚያየው ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፣ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ አንድም ሥራ እንዳልቀረባት የሚያሳይ ከሙድል የወጣ የተሳትፎ ዝርዝር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም «ኤፍ» ወደ «ደብሊው»፣ ማለትም ኮርሱን አቋርጣ እንደወጣች፣ ተቀየሩ። አማካይ ነጥቧ ወደ 3.2 ተመለሰ። የከፈለችው ገንዘብ አልተመለሰም።

ሳምንቱን በሦስት መገናኛ መከፋፈል

የሚቀጥለውን ተርም በፈቃድ አረፈች። ዕረፍትም ተርሙ ሳይጀመር መጠየቅ አለበት፤ ዝም ብሎ መጥፋት ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከመዝገብ ያሰርዛል። ኅዳር 2016 ስትመለስ የሞባይል ዳታ ገና አልተመለሰም፤ ያላት የሆቴሉ ዋይፋይ ብቻ ነው፣ እሱም በምሳ ሰዓትና ከሥራ መውጫ በኋላ ለጥቂት ጊዜ። አሁንም ድረስ የምትጠቀምበት አሠራር የወጣው ከዚህ ነው።

የአንድ ኮርስ ሳምንት ከ12 እስከ 15 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ መስመር ላይ መሆን የግድ የሚሆነው ሦስት ሰዓት አይሞላም። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ልምምድ መሥራትና ለኩዊዝ መዘጋጀት ያለ መስመር ይሆናል። መስመር የሚፈልገው ፋይል ማውረድ፣ የውይይት ጽሑፍ መለጠፍ፣ ለሌሎች ምላሽ መስጠት፣ አሳይመንት ማስገባት፣ የሌሎችን ሥራ ማረም (አሳይመንት የሚተራረሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው) እና ኩዊዙን መውሰድ ነው። እነዚህን በሦስት ቀን ሰበሰበቻቸው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የሳምንቱን ንባብ በፒዲኤፍ ታወርዳለች። ቪዲዮ ከሌለ ሁሉም ተደምሮ ከ30 እስከ 60 ሜጋባይት ነው፤ በደካማ መስመርም ይወርዳል። ቪዲዮ ካለ በ360 ጥራት ታወርደዋለች፤ አንድ ሰዓት ቪዲዮ በዚህ ጥራት 300 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን በ720 ከአንድ ጊጋባይት ያልፋል፤ መምህር ሲናገር ለመስማት 360 በቂ ነው። የአሳይመንቱን መመሪያና የነጥብ አሰጣጥ ሠንጠረዡን ገጹን ሙሉ በሙሉ እንደ ፒዲኤፍ ታስቀምጣለች። ብዙ ተማሪ ንባቡን አውርዶ ይህን ሠንጠረዥ ይረሳል፤ ከዚያ ቤት ሆኖ በግምት ይጽፋል። የውይይት ጥያቄውንም በዚያው ትገለብጣለች።

ከሐሙስ ማታ እስከ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ነው ሥራው። ጽሑፏን ሙድል ሳጥን ውስጥ አትጽፍም። መስመሩ በመሃል ሲቆረጥ ወይም ገጹ ሲያድስ የተጻፈው ይጠፋል፤ በመጀመሪያው ተርም የ400 ቃል ጽሑፍ እንዲሁ ጠፍቶባታል። በዎርድ ትጽፋለች፤ ለእያንዳንዱ ኮርስና ሳምንት አንድ ፎልደር አላት፣ ፋይሉ ስም ላይ ኮርሱ፣ ሳምንቱና ስንተኛ ረቂቅ እንደሆነ ይገባል።

እሑድ ወይም ሰኞ፣ እንደ ፈረቃዋ፣ የመጀመሪያውን የውይይት ጽሑፍ ትለጥፍና የሌሎችን ጽሑፎች ታወርዳለች። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ነጥብ የሚፈስሰው እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ የራስ ጽሑፍና ቢያንስ ለሦስት ተማሪ ምላሽ ይጠይቃል። ሁሉንም ረቡዕ ማታ በአንድ ጊዜ የለጠፈ ተማሪ ጽሑፉ ጥሩ ቢሆንም የሚያነብለት ሰው አይኖርም፤ ነጥቡን የሚሰጡት ደግሞ ሌሎቹ ተማሪዎችና መምህሩ ናቸው። ተማሪዋ በመጀመሪያው ዓመት በውይይት የምታገኘው ከአሥር 6 እና 7 ነበር፤ የጽሑፉ ጥራት ሳይቀየር የምትለጥፍበትን ቀን ወደ እሑድ ስታመጣ 9 ሆነ። እውነተኛው መዝጊያ ሁልጊዜ ረቡዕ አይደለም ማለት ነው።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ምላሾቹን ትለጥፋለች፣ አሳይመንቱን ታስገባለች፣ የሦስት ተማሪ ሥራ ታርማለች፣ ኩዊዙን ትወስዳለች። ረቡዕ ሙሉ ቀን መጠባበቂያ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ሆቴሉ እንግዳ ሲበዛበት፣ መስመር ሲቆረጥ የሚበላው ረቡዕን እንጂ ነጥቧን አይደለም።

ይህን አሠራር የሚፈትነው የሒሳብ ሥራዋ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ ከዚያ ሐምሌ ውስጥ የሒሳብ መዝጊያውና የግብር ዝግጅቱ ይከተላል። አምስተኛው ተርም የሚውለው ልክ በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ያን ተርም ከአንድ ኮርስ በላይ አትይዝም። ነጋዴ፣ የባንክ ሠራተኛና አስተማሪም የየራሱ የተጨናነቀ ወር አለው፤ ኮርስ ሲመረጥ የዩኒቨርሲቲውን ካሌንደር ከዚያ ወር ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። እነሱ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ያርፋሉ፤ በእኛ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ያልተከፈተ ፋይልና የተመሳሰለ ጽሑፍ

አሳይመንቱን የሚያርሙት በዕጣ የደረሳቸው ሦስት ተማሪዎች ናቸው። ሁለተኛው ተርም ላይ ከሁለቱ 90 በላይ አግኝታ ከሦስተኛው ዜሮ ተሰጣት፤ አስተያየቱ «ፋይሉ አይከፈትም» ይላል። ያስገባችው የጉግል ዶክስ ሊንክ ነበር። ሊንኩ ሲከፈት ፈቃድ ጠይቋል፤ ሁለቱ ፈቃድ ጠይቀው ጠበቁ፣ ሦስተኛው አልጠበቀም። ለመምህሩ ጽፋ ነጥቡ ቢስተካከልላትም ስምንት ቀን ወስዷል። ከዚያ ወዲህ የምታስገባው ፒዲኤፍ ብቻ ነው፣ ከሁለት ሜጋባይት በታች። ካስገባች በኋላ ራሷ ከስልኳ አውርዳ ትከፍተዋለች፤ ማረጋገጫውን ስክሪንሾት ታነሳለች።

በሌላ ኮርስ ተርኒቲን የተባለው የጽሑፍ መመሳሰል መመርመሪያ 38 በመቶ አሳየባት። ሆን ብላ አልገለበጠችም። ከመጽሐፉ ዓረፍተ ነገር ወስዳ ሁለት ሦስት ቃል መቀየር በእኛ ትምህርት ቤቶች «በራስ አባባል መጻፍ» ተብሎ ይታለፋል፤ እዚያ ግን ምንጭ ቢጠቀስም ቅጂ ነው። መፍትሔ የሆናት አንቀጹን አንብባ፣ ዘግታ፣ ሐሳቡን በአማርኛ በሁለት መስመር መያዝና ከዚያ በቀጥታ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነው። የአማርኛውን ማስታወሻ ለትርጉም ማሽን አትሰጥም። በማሽን የተተረጎመ ጽሑፍ የሌላ እጅ የገባበት ይመስላል፤ መምህር ሲጠረጥር ደግሞ ማስረዳቱ የተማሪው ሸክም ይሆናል። ረቂቆቿን በቀናቸው ማስቀመጧ አንድ ጊዜ ከዚህ ጥርጣሬ አውጥቷታል።

ፈተናውና መብራቱ

አንዳንድ ኮርሶች ፋይናላቸው በካሜራ ይጠበቃል። ከማውረድ ይልቅ መላክ ነው እዚህ የሚያስቸግረው፤ የካሜራው ምስል ሳይቆራረጥ ለመሄድ ቢያንስ አንድ ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት ያስፈልጋል። ፍጥነት ሲለካ ሰው የሚያየው የማውረጃውን ቁጥር ነው፤ የሆቴሉ ዋይፋይ ማታ ማታ ማውረጃው ደህና ሆኖ መላኪያው ግማሽ ሜጋቢት የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነበር። በ2016 ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ተስማምታ ቤቷ የፋይበር መስመር አስገባች፤ ወርሃዊውን ለሦስት ይከፍላሉ፣ የፈተና ዕለት ሁለቱ ይለቁላታል።

የመጀመሪያ ፈተናዋ በ23ኛው ደቂቃ መብራት ሄዶ ተቋረጠ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው፤ የጠፋው ራውተሩ ነው። ለራውተር ትልቅ ጄነሬተርም ትልቅ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አያስፈልግም፤ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጡት ትንሹ የራውተር ዩፒኤስ ይበቃል። ሁለት ነገር ብቻ መታየት አለበት። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው ቮልት፣ ብዙ ጊዜ 12፣ አንዳንዴ 9፣ ከዩፒኤሱ መውጫ ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ዩፒኤሱ ላይ የባትሪውን መጠን በሚሊአምፔር ሰዓት የሚገልጸው «10,000» የሚለው ቁጥር የሚያታልል ነው፤ የተለካው በባትሪው 3.7 ቮልት ስለሆነ በጉልበት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት ነው። 12 ቮልት 1 አምፔር የሚወስድ ራውተር 12 ዋት ይበላል፤ የሚባክነው ሲቀነስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያቆያል። የፈተናው ጊዜ ከዚህ ያንሳል። የፋይበር መስመር ከጣቢያው እስከ ቤት ድረስ በመሃል መብራት የሚፈልግ መሣሪያ የለውም፤ ስለዚህ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶም የቤቱ ራውተር እስከበራ መስመሩ ይሠራል።

የፈተና ሰዓት የምትመርጠው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ንጋት ላይ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ስለሆነ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ይሰማል፤ ተቆጣጣሪው ሥርዓት ድምፁን እንደ ሰው ንግግር ይመዘግበዋል። ቀን ደግሞ ቤት ሰው አለ።

ዶላሩ

ትምህርቱ ነጻ ቢባልም ለእያንዳንዱ ኮርስ 120 ዶላር የፈተናና የምዘና ክፍያ አለ። ስትጀምር ዶላር 50 ብር አካባቢ ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት በ57 ብር ሲታሰብ አንድ ኮርስ 6,840 ብር ነው። በዚያ ዕለት ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ፤ በ2017 መጀመሪያ ዶላር ከ110 ብር አለፈ፣ ኮርሱም ከ13,200 ብር በላይ ሆነ። ደመወዟ 9,500 ነው። በተርም ሁለት ኮርስ የሚለው ዕቅድ ያን ጊዜ ተሰበረ፤ ሁለት ተርም አንድ አንድ ብቻ ወሰደች።

ክፍያውን የሚፈጽሙላት አሜሪካ ያሉ አጎቷ ናቸው፣ በራሳቸው ካርድ። ቴሌግራም ላይ ካርድ የሚያከራዩ ደላሎች ርካሽ ይመስላሉ፤ የካርዱ ባለቤት ክፍያውን ሲያስመልስ ወይም ካርዱ የተሰረቀ ሆኖ ሲገኝ ዩኒቨርሲቲው መዝገቡን ይዘጋል፣ ኮርሱ ከተጀመረም ይሰረዛል። ከዘመድም ቢሆን ደረሰኙ በተማሪው ስምና መለያ ቁጥር መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ለድጋፍ ያመለከተችው ዘግይታ ነው። የደመወዝ ማስረጃና የምንዛሪውን ለውጥ የሚያሳይ የባንክ ተመን አያይዛ ስትጽፍ ለአራት ኮርስ ግማሹ ተነሳላት፤ ይህ ድጋፍ የመጀመሪያው ዓመትም ነበረ፣ አልጠየቀችውም።

አቻ ግምትና የቀረው

የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ በአገር ውስጥ ሲቀርብ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠርም ሆነ እዚህ ማስተርስ ለመማር ወረቀቱ በዚያ ማለፍ አለበት። ተማሪዋ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀረበችው 15ኛው ኮርስ ላይ ነው፤ ከመመዝገቧ በፊት መሆን ነበረበት። በቃል «ችግር የለውም» የሚል መልስ ሰው ይለዋወጣል፣ ቀን ይለዋወጣል። ደብዳቤው የዩኒቨርሲቲውን ሙሉ ስም፣ ዕውቅና የሰጠውን ድርጅት፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን መሰጠቱንና የገባችበትን የትምህርት ማስረጃ ጠቅሶ ነው የተጻፈው፤ የገቢ ማኅተም ያለበት ቅጂው በእጇ ነው።

አሁን በፎልደሯ ውስጥ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የደረጃ አራት ሰርተፊኬትና የብቃት ምዘናው፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ የየተርሙ ክፍያ ደረሰኝና የየኮርሱ ዝርዝር መግለጫ አሉ። የኮርስ መግለጫውን ሁሉም ይረሳዋል። ኮርሱ ሲያልቅ ሙድል ላይ ገጹ ይዘጋል፤ ለአቻ ግምትም ሆነ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ለማዛወር ሲጠየቅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የመጀመሪያዎቹን አምስት ኮርሶች መግለጫ ከሪጅስትራሩ እየጠየቀች ነው፤ ሦስቱ መጥተዋል። በሰኔ 2017 ለጀመረው ተርም የተመዘገበችው ለአንድ ኮርስ ነው፣ የወጪ ሒሳብ አያያዝ፤ ሰኔ 30 የሚውለው በሦስተኛው ሳምንት ላይ ስለነበር የሦስተኛውን ሳምንት ንባብ በሁለተኛው ለመጨረስ አቅዳ ነበር።